ማሊያው ላይ ያለው ስም

የቆሮሶ ቅርፊት ከክንዴ ሳልጠርግ፣
ሻላው አፉን ከፍቶ አንጀት ሲፈልግ፣
ከማኅበሩ መጋዘን፣ ከስንጥቁ ቴሌቪዥን ስምህን ጠሩት።
ስምህን አይደለም።
የወንድሜን ጠሩት።

"ይርሳው! ይርሳው!" አለ ባዕድ ሜዳ ሞልቶ፣
የማያውቀውን ልጅ በስሙ አንሥቶ።

አንተን "እንዳላማው" አባትህ ሰየሙህ፣
ታንኳ ከሚያስሩበት ደንገል ላይ አስተኙህ።
አብረን ነው ያደግነው፣ ሽምብጥ፣ ከውሃው ዳር፤
ከጨርቃ ጨርቁ በር ብጣሽ ለቃቅመን፣
በካልሲ ጠቅልለን፣ በሲባጎ አስረን፣
ኳስ ነህ ስንለው ኳስ ሆኖ ሲነጥር፣
አንተ አጥቂ፣ እኔ በረኛ፣ ከሁለት ድንጋይ በር።
ውሃ የገባውን ዋኝቶ የሚያመጣው
የስምንት ዓመቱ ታናሼ ነበር፣ ይርሳው።

ያን ለት የመታኸው ከጣቴ በላይ አልፎ
ከእምቦጩ ምንጣፍ መሐል ወደቀ ተንሳፍፎ።
ጎል ብለህ ጨፈርክ።
እኔ ዞሬም አላየሁ፤ ስለተቆጠረብኝ ተናድጄ ነበር።
ይርሳው ዋኝቶ ሄደ፣ እንደ ሁልጊዜው።
ኳሱን በማግስቱ ነፋስ ነው የመለሰው።

ሰባት ቀን ቀዘፍን። ደንገሉን በዘንግ ገለጥን።
ያልወጣ ሬሳ የሞት ወረቀት የለውም አሉን፤
በቀበሌው መዝገብ፣ እዚያ ቢጫ ገጽ ላይ፣
ወንድሜ እስከ ዛሬ አለ፣ ዓመት ሲጨምር እንጂ ሲሞት አይታይ።

ስምንት ክረምት አለፈ። ደላላው ከአዲስ አበባ መጣ፣
ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ሻይ ጠጣ።
"እግሩስ እግር ነው" አለ፣ "ሃያ ሁለት ዓመት ግን ማን ይገዛል?
አሥራ ስድስት ቢሆን፣ ነገ ይጓዛል።"

እናቴ መልስ አልሰጠችም። ሣጥን ስትከፍት ሰማሁ።
የልደት ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ስትወጣ አየሁ።
"ልጄ ያልሮጠው መንገድ ብዙ ነው" አለችህ፣
"አንተ ሩጥለት። ስሙን ግን አደራ፣ እንዳይወድቅብህ።"

ካይሮ አንድ ዓመት፣ ቱኒስ ሁለት ዓመት፣
ከዚያ በረዶ ሀገር፣ ጓንት አጥልቀው የሚጫወቱበት።
ጋዜጣው "ወጣት ነው" ይልሃል፣ "ገና ያድጋል"፤
ጉልበትህ ግን የእኔ እኩያ ነው፣ ብርድ ሲገባው ያማል።
ባለፈው በስልክ "ፍጥነቴ ቀነሰ" አልከኝ በሹክሹክታ፣
"የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እንዴት ያረጃል?" ብለን ሳቅን ላንድ አፍታ።
ከዚያ ዝም አልን።
የዝምታውን ሒሳብ አንተ ከፈልክ።

እናቴ ኳስ አታይም። ጨዋታ ባለ ምሽት ግን
ከመጋዘኑ ደጅ ትቀመጣለች፣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን፣ ለጣና ፊቷን ሰጥታ።
ከሱ በፊት ሌላ ሞቶባት ነበር፤
"ልቤ ይርሳው" ብላ ነው ስሙን ያወጣችው።
አሁን አርባ ሺህ ሰው ባንድ ጉሮሮ "ይርሳው" እያለ ሲጮህ፣
ልቧ እምቢ አለ።
ስሙ በተጠራ ቁጥር፣ ቀስ ብላ፣ ስለሱ
"አቤት" ትላለች።

ዛሬ በስልሳኛው ደቂቃ መሬት ላይ ተቀመጥክ።
ማንም አልነካህም። ሣሩን በቡጢ መታኸው።
ቁጥርህ በቀይ በራ።
"ይርሳው ወጣ" አለ አስተላላፊው፣
እንደ ተራ ወሬ።

እናቴ ብድግ አለች።
ወደ ቴሌቪዥኑ አልዞረችም።
ውሃውን ነው ያየችው።

ቢላዬን አስቀምጬ ከጎኗ ሄጄ ቆምኩ፣
እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ ጣቶቼ እንደ ድሮው ተከፍተው፣
ከእምቦጩ ወዲያ
ኳስ እንደሚጠብቅ ሰው።