ፊልትሮ

ቡሎኑ ከጠፋ ሃያ ዓመት ሞላው፤
የወንበሯን ሽቦ በጥርስ ነው የምፈታው።
መሐል ሜዳ ገና ከውርጩ አልነቃችም፣
ጣቴም ከብረቱ ተለይታ አልሞቀችም።

ያማሃ ናት፣ ቢጫ፣ የሰባ አንድ ምርት፤
ከፋሲካ በቀር አታውቅም ዕረፍት።
የክትባት ሣጥን በጀርባዋ አዝላ
ጓሳ ያደረች ናት፣ ከበጎቹ ኋላ።
ጋሽ የሺጥላ ናቸው እሷን ያስረከቡኝ፤
ቁልፏን ሳይሰጡ ግን ስፖንጅ አሳጠቡኝ።
«ባዩሽ፣ መንዳቱማ በሳምንት ይለመዳል፤
አፍንጫዋን የናቀ ፒስቶኗን ያነዳል።»

ዳዶውን አላልቼ፣ የጎን ክዳን ገልጬ
ስፖንጁን አወጣሁት በሁለት ጣት ቆንጥጬ።
የሰነበትኩበት መንገድ እዚያ ተቀምጧል፦
የጣርማበር ዱቄት ከሥር ነጣ ብሏል፣
የሞላሌ ጠጠር በላዩ ላይ ልሟል፣
ጥቁሩ ጥላሸት፣ ያለፈው ሐሙስ ዕለት
ዳገቱን በሙሉ ጢሱን የጠጣሁለት
ኤፍኤስአር ነው፤ ጤፍ ጭኖ «አላሳልፍም» ያለ።
ይኸው፣ የትም አልሄደ፤ ስፖንጄ ውስጥ አለ።

በካርቡራቶሩ አፍ የባና ቁራጭ ወተፍኩ፣
ትቢያ እንዳይወርድባት። አንዴ ይህን ጨርቅ ረስቼ
ሃምሳ ጊዜ ረገጥኩ፣ ካንዴላ ለወጥኩ፣ ሰማይ ምድሩን ሰደብኩ፤
ጋሽ የሺጥላ መጡ፤ ምንም ሳይናገሩ
ጨርቁን መዘው፣ በእጄ አስይዘውኝ ዞሩ።
የሳቸው አፍ ግን መቼም ተወትፎ አያውቅም፤
ሲነዱ ያፏጫሉ። ዜማው ሲወጣ
በዚያው በር አቧራው ሲመጣ፣ ሲመጣ።

ባልዲው ውስጥ ላምባ፣ ላምባው ውስጥ ሳንባ፤
ጭቃው ተግተልትሎ ይወርዳል እንደ እንባ።
«ቤንዚን አታስነኪው፣ ሙጫውን ይበላል፤
አትጠምዝዢው፣ ጭመቂው፣ ያለዚያ ይቀደዳል።
ፀሐይ ላይ አታስጪው፤ ጥላ ውስጥ አቆዪው፤
እንደ ራስ ቅቤ እያሸሽ ዘይቱን አጠጪው።»

ፋብሪካ የሠራው ስፖንጅ በእርጅና ሲፈርስ
ከፍራሻቸው ቆረጡ። እትዬ ጌጤነሽ እስከ ዛሬ ድረስ
ጉድጓዱን ያገኙታል በጎናቸው፣ ሌሊት፤
«ሞተሯ እኔ ጋ ነው የምታድር» ይላሉ፣ ሳቅ በሌለበት።

«አሁን ወደ ብርሃን ከፍ አርጊው» ይሉኛል፤
«ቀዳዳ ካለው ብርሃኑ ይነግርሻል።»

ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ።
ሐኪሙ ራጁን ሲሰጣቸው
እንደ ልማዳቸው
ወደ መስኮት አነሡት፣ አንድ ዓይን ጨፍነው።
ሠላሳ ሦስት ዓመት ነው እኔም የማየው፦
ከሥር ነጣ ያለ፣ በላዩ የላመ፣
ስሙን የማናውቀው የስንት መኪና ጢስ የተጠመጠመ።
«ባዩሽ» አሉኝ፣ «ይሄኛው በላምባ አይለቅም።»
ሌላ ነገር አልተናገሩም።
በመልሱ አውቶቡስ፣ ጣርማበር ስንደርስ፣ መስኮቱን ዘጋሁባቸው።
መልሰው ከፈቱት።

ዛሬ አጥሩ ሥር ባናቸውን ደርበው
ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው።
ሣጥኗን ወለወልኩ፣ ከንፈሩን ግራሶ ቀባሁ፣
ስፖንጁን መለስኩ፣ ዳዶውን በጣቴ አጠበቅኩ።
«ጨርቁን?» አሉ። ሳሉ። እንደገና «ጨርቁን?»
ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው።

አንድ ረገጥኩ። ሁለት። በሦስተኛው ተነሣች።
ጆሯቸውን ወደ ማርሚታው አዘነበሉ፤
ጥሩ ነው አላሉም፣ መጥፎ ነውም አላሉ።
ይገም ላይ ሁለት መቶ በግ ይጠብቀኛል፤
ሣጥኑ ውስጥ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል።