የቧንቧ ውሃ ባሕር

የሰፈሬ ስም ቧንቧ ውሃ ነው፤
ውሃው ግን በሳምንት ሁለቴ፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው።
ፊት አየር ያስነጥሰዋል፣ ቀጥሎ ዝገት ያስለዋል፣
ከዚያ ወዲያ ራሱን ሆኖ ጀሪካን ውስጥ ይዘላል።
እኔ ደግሞ የውሃ ቢሮ ሰው ነኝ፤ ከጦሳ ግርጌ፣ ከጋኑ ዳር፣
በየጠዋቱ ክሎሪንን ከውሃ ጋር የማጋባ፣ የማፋቅር።
በብልቃጥ እቀዳለሁ፣ ዱቄት እነሰንሳለሁ፤
ሮዝ ሲሆን "ለመጠጥ ተስማሚ" ብዬ ማኅተም እመታለሁ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት መታሁ።

እብሬ ጎረቤቴ ነው፤ የጅቡቲ መስመር ሾፌር፤
ብረትና ስንዴ ሲጭን የኖረ ሰው፣ ዘንድሮ ጫነ ባሕር።
አልቀለድኩም። አራት ጀሪካን ጨው ውሃ፣
በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ፣
አንድ ቀንድ አውጣ፤ በፌስታል ደግሞ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀች
ብርቱካንማ ዓሣ፤ ሚሌን አልፋ፣ ባቲን አልፋ፣ ሐረጎን እየዞረች የወጣች።
ለልጁ ለሉባባ፣ ከመስኮት ሠሪ ቤት መስታወት አስቆርጦ፣
ባሕሩን አኖረው ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ቡፌውን አስለቅቆ።
ደሴ ደሴት ለመሆን አንዲት "ት" ነበር የጎደላት፤
ፊደሉ ቢቸግረው፣ እብሬ ባሕሩን አመጣላት።

ድንጋዩ ድንጋይ አይደለም። ሲመሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣
ጤፍ ጤፍ በሚያካክል አፉ ሺህ ጊዜ ያዛጋል፣ ሰፈሩ ሲያንቀላፋ።

ባሕሩ ግን ይጎድላል። ውሃው ይተናል፤ ጨው አይተንም።
ሉባባ በፕላስተር ምልክት አድርጋ፣ "ወረደ" አለች አንድ ቀን።
እናቷ ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ቀድታ ጨመረች፤
ማን ክፉ አሰበ? ለጠማው ነው ያጠጣች።
ሌሊቱን ቀንድ አውጣው ከመስታወቱ ወደቀ፤
ድንጋዩም ሺህ አፉን ገጥሞ ተሸማቀቀ።

እብሬ ሬሳውን በክብሪት ቤት ይዞ መጣ፤
"አንተ ነህ የውሃ ሰው፤ በአላህ፣ ይህ ውሃ ደህና ነው?"
ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ማኅተም።
ክብሪቱን ከፍቼ አየሁ። ማኅተሙን ዋጥኩት፤ አልመታሁትም።

"ክሎሪኑ ቀላል ነው" አልኩት፤ "ባልዲ ክፈትና አሳድረው፤
እሱ እንግዳ ነው፣ ሲነጋ ይሄዳል፣ ማንም ሳያባርረው።
የማይሄደው ከቧንቧ የተላሰ መዳብ ነው፤
ከማሳ የወረደ ማዳበሪያ ነው፤ ከዓለት የተበላ ኖራ፤
ማንቆርቆሪያህን ገልብጠህ እይ፣ ያን ነጭ ቅርፊት የሠራ።
አንተ ጉበት አለህ፣ ኩላሊት አለህ፣ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ፤
እሱ ግን ገላው ሁሉ በር ነው፤ እንግዳ አይመልስም፤ ወሎዬ ነው እንደኛ።
ደግሞም ውሃው ይተናል፣ ያመጣው ጉድ ግን ይቀራል፤
በጣሳ በጣሳ፣ እንደ ቂም፣ እየቆየ ይጠራቀማል።"

ሉባባ በሩን ተደግፋ ስትሰማ ቆየችና፣
"እኛስ?" አለች።
"የእኛን ለክቼዋለሁ" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ለክቻለሁ።
ግን ድምፄ እንደ ቧንቧው ፊት አየር፣ ቀጥሎ ዝገት ሲያወጣ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከላቦራቶሪያችን
ሁለት ሊትር የተነጠረ ውሃ ከካፖርቴ ሥር ይዤ እወጣለሁ።
ዘበኛው ካቲካላ ይመስለዋል። ይምሰለው፤
ያም ይሄም የእንፋሎት ልጅ ነው፤ አልዋሸሁትም እላለሁ።
ክብሪት ቤቱ መሳቢያዬ ውስጥ ከማኅተሙ ጎን ይተኛል፤
ማኅተሙን ባነሣሁ ቁጥር ኳ ይላል።

ትናንት ጦሳ ጉም ለብሶ፣ መብራትም ሄዶ፣
ሦስታችን በደብዛዛ ባትሪ ድንጋዩን ጠበቅን።
አንድ አፍ ተከፈተ። ቆይቶ ሌላ።
ሉባባ ቁጥሩ ጠፋባት፣ ስልሳ ምናምን ላይ ደርሳ።
ያኔ ውጭ ቧንቧው አስነጠሰ፤ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ተነሣ።
እኔም ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። ዝገቱን አሳለፍኩ።
ጎንበስ አልኩና፣ ማንም ሳይቀዳ፣
አንድ እፍኝ ጠጣሁ።