የሚመጣው አፕዴት

ሆጤ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሁለት በሁለት ክፍል፣
መስኮቷ ጦሳን የምታይ፣ ጉሙ ፈቃዱ ሆኖ ሲከፈል፣
እኔና ይመር ተቀምጠን፣ ሬንደሩ እንደ ቀንድ አውጣ ሲያዘግም፣
የሚመጣውን አፕዴት እናወራለን፤ ሌላ ሥራ የለንም።

«ሰምተሃል?» ይለኛል፣ «አዲሱ ሲመጣ
ጉም ይገፍፋል አሉ፤ በአንዲት ጠቅታ ጦሳ ከነደረቱ እንዲወጣ።»
«ጉሙን ከገፈፍነው ደሴነቱ የት አለ?
ባቲ ነው የተዳርኩት ብሎ ሙሽራው ቢምል፣ ማን ሊረታው ቻለ?»

አይሸነፍም ይመር። ከንፈሩን አርሶ ይጨምራል፦
«በአፍህ ታዘዋለህ፤ ሰምቶ፣ ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይቀጥላል።
‹የአማቲቱን ምርቃት አሳጥር› ብትለው
ከአርባው ደቂቃ ሁለቱን ያስቀርና፣ የቀረው የት እንደገባ አንተም አታውቀው።»
«የወሎን አማርኛስ?»
«እሱን እንኳ እንጃ።»
«‹አብሽር› ባልኩት ቁጥር የሰው ስም መስሎት
ከእድምተኛው መሃል አብሽርን ቢፈልግ፣ ምን ላቀርብ ማስረጃ?»

ሳቀ። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።
«ትልቁን ገና መች ነገርኩህ?» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀረበ፦
«ፊት ይፈልጋል አሉ። አንድ ሰው ታሳየዋለህ፣
ከአሥራ አንድ ዓመት ሠርግ፣ ከሰባቱም ዲስክ፣
ያለበትን ሁሉ ለቅሞ ይደረድርልሃል፣ እንዲያ ነው እኮ የምልህ።»

ዝም አልኩ።
ይመር ዘንድሮ ነው የመጣው፤ አሊጋዝን አያውቅም።

አሊጋዝን ማንም አይጠራውም፤ አሊጋዝ ከየትም አይቀርም።
ከሰኞ ገበያ እስከ ሙጋድ፣ ድንኳን በተተከለበት፣
ያ ቡኒ ኮት፣ የግራ ኪሱ የተተረተረበት፣
ኬክ ሲቆረስ ከኋላ፣ ቀለበት ሲገባ ከጎን፣
ሌንሴን እያየ ፈገግ፣ የሙሽራው አጎት እስኪመስል፣ ሙሉ ዘመድ፣ ሙሉ ወገን።

«ማነው ይሄ? አውጣልን» ይላሉ። አወጣለሁ።
ፍሬም አጠብባለሁ፣ አበባ እደርብበታለሁ፣
አልሸፈን ሲለኝ እቆርጠዋለሁ። ለዚህ ሂሳብ ጠይቄም አላውቅ።
ቁርጥራጩንም፣ ዲስኩ ሞልቶ ሲጨናነቅ፣
አጠፋዋለሁ፤ ጣቴ አንድ ቀን እንኳ ሳታመነታ።

ሐምሌ ላይ ነው ሉባባ የመጣችው፣ ሐረጎን በሚኒባስ ወጥታ።
እህቱ ናት። ተቀመጪ ብላት ቆመች፤ ጃንጥላዋ ወለሉ ላይ ያንጠባጥባል።
«አሊጋዝ ካለፈ አርባ ቀኑ ነው። ፎቶ የለውም» አለች። «መታወቂያው ረጥቦ ፊቱ ተልጧል።
ሠርግ ይወድ ነበር። ካንተ ዘንድ አይጠፋም ብለውኝ ነው።»

ካንተ ዘንድ አይጠፋም።

«እፈልጋለሁ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል ለሰው?

ይሄው፣ «የተቆረጠውንስ ይመልሳል?» ስለው ይመርን፣
«እሱን አላሉም» አለኝ፣ «ለምን ቆረጥክ ታዲያ?»
መለስኩ ወደ ስክሪኑ ዓይኔን።

ትናንት ሌሊት ነው የተገኘው። የአንድ ሠርግ ጥሬ፣
ሙሽሮቹ ሳይወስዱት ተፋተው፣ ቀሪውን ብር ሳይከፍሉኝ፣ እስከ ዛሬ
ስድስተኛው ዲስክ ጥግ የተኛ። ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ በዓይኔ ለቀምኩት።
ቧንቧ ውሃ፣ ጭቃ፣ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ እዚያ አገኘሁት፦
የቬሎውን ጫፍ ከጭቃ አንስቶ ይዟል፣ ማንም ሳያዘው፣
አሥራ ሁለት ሰከንድ። ሌንሴን እንኳ ረስቶ፣ ጨርቁ ብቻ እንዳይረጥብ ሲያግዘው።

ይሄ የሚያዘግመው ሬንደር እሱ ነው። ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሦስት በመቶ ደረሰ፣
መብራት ሄደ። ሆጤ በሙሉ፣ እስከ ፒያሳ፣ ጨለማ ለበሰ።

«አዲሱ እኮ» አለ ይመር ከጨለማው፣
«መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ነው የሚቀጥለው።»

«ማን አለ?»

«እንጃ።
አሉ።»