ዝም ባለ አፍ

ሮመራል ላይ፣ በኅዳር፣ ቼሪው ሲያጎመራ፣
ከአንዲስ ሥር ሄሊኮፕተር ያንዣብባል፣ ገና ጎህ ሳያበራ፤
የሌሊቱ ዝናብ ፍሬውን እንዳይሰነጥቅ፣
በክንፉ ነፋስ እያራገበ ሊያደርቅ።
አባቴ ግን አይሰማውም።

ሠላሳ ዓመት መርዝ ሲረጭ፣ ከትራክተሩ ወንበር፣
የመርጫው ሞተር ጆሮውን በላው፤ ቀስ በቀስ፣ እንደ ብል ነበር።
መጀመሪያ ወፎቹ ሄዱ፤ ቀጥሎ የእናቴ ሳል፤
አሁን ከንፈሬን እንጂ ቃሌን መች ያደምጣል?

ዝንቧ ኋላ ነው የመጣችው፤ ሰሊጥ የምታህል፣
ባሏ ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ የሚኳል።
የድሮዎቹ ዝንቦች ትሑታን ነበሩ፣
የወደቀ ለቅመው፣ የበሰበሰ ልሰው የሚኖሩ።
ይህቺ ግን መጋዝ አላት፣ ከጅራቷ ሥር የተሳለ፤
ገና ሲቀላ ትሰነጥቀዋለች፣ ዛፉ ላይ እንዳለ።
እንቁላሏን ትታ ትበራለች፤ ፍሬው ከላይ ያብረቀርቃል፤
ከውስጥ ሾርባ ሆኖ፣ በሳምንቱ ያልቃል።

እናቴ ኤውዶሲያ፣ የጨው ውሃ በብርጭቆ፣
ቼሪውን ትነክራለች፤ አባቴ ይቆጥራል፣ ተጨንቆ።
ጨው የጎረበጠው ትል ነጭ ክር ሆኖ ይመዘዛል፤
ከሃያ ፍሬ ዐሥራ ዘጠኝ።
አባቴ ባርኔጣውን አንሥቶ ወደ ውጭ ይጓዛል።

እኔ ታልካ ከተማ፣ በቤተ ሙከራ ጓዳ፣
ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ለዚያች ላልተጠራች እንግዳ።
ባለ ሁለት ክር ነው፣ በአራት ፊደል ብቻ፤
ከዘረመሏ የቀዳሁት፣ የራሷ ቃል አቻ።
በስኳርና በእርሾ ለውሼ፣ በቀይ ኩባያ አቀርባለሁ፤
ስትበላው የሚሆነውን ለአባቴ አስረዳለሁ፦

«አባባ፣ መርዝ አይደለም። አካሏ ያነበዋል፤
‹የጠላት ጽሑፍ ነው› ብሎ ይቀዳድደዋል።
ከዚያ እሱን የመሰለውን፣ የገዛ መልእክቷን ጭምር፣
እያሳደደ ይቆርጣል፣ አንዲትም ቃል ሳታመልጥ፣ ሳትቀር።
ዘረመሉ አልጠፋም፤ እዚያው ነው፣ አፉ ተዘግቶ፣
ትእዛዙን የሚያደርስ መልእክተኛ አጥቶ።»

ከንፈሬን አንብቦ ሲጨርስ፣ ጣቱን ወደ ቀፎዎቹ ቀሰረ።
«ንቧስ?»
«በስሟ አልተጻፈም» አልኩት። «የሌላ ደብዳቤ ነው ለእሷ፤
ፊደሉ አይገጥምላትም፣ አይደርስም እስከ ነፍሷ።»
«እርግጠኛ ነሽ?»
«እስካሁን ባየነው።» እስካሁን የሚለውን ቃል
ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ ከከንፈር ላይ ቶሎ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ዓመት ከሸፈ።
የአንጀቷ ፈሳሽ ደብዳቤዬን ሳይነበብ ፈጨው፤
አባቴ ምንም አልወቀሰኝ፤ መርዙን መልሶ ረጨው።
በሁለተኛው ዓመት በስብ ጠብታ ጠቀለልኩት፤
እናቴ ለውሻችን ኪኒን በአይብ ሸፍና እንደምትሰጠው፣
እንዲያ አድርጌ አጎረስኩት።

ታኅሣሥ፣ ማታ፣ ወጥ ቤት። ጨው፣ ብርጭቆ፣ ሃያ ፍሬ።
እናቴ ሰዓት ያዘች።
ውጭ ሞተሩ ከቆመ ወር አልፎታል፤
ዝምታውን የሰማነው ግን እኔና እሷ ብቻ ነን።

ትንሽ ሳለሁ፣ ገበታ ላይ ወሬ ሳበዛ፣
«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይለኝ ነበር፣ እንደ ዋዛ።
ዛሬ ዝም ባዩ እሱ፣
አፍ ዘጊዋ እኔ፣
ዝንቧም በሁለታችን መካከል።

ዐሥራ አምስት ደቂቃ። አንድ ነጭ ክር ወጣ። ቆየና፣ ሌላ።
ሰባት ላይ ቆመ።
አባቴ ዐሥሩን ጣት ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ደግሞ ሦስት፤
የተረፉትን ነበር የቆጠረው።
አንዱን ከነጨዉ ጎረሰና፣ ፍሬውን በእጁ መዳፍ ተፍቶ፣
«የወሰድሽባትን» አለኝ፣ «ታውቀዋለች?»

አፌን ከፈትኩ።
ዓይኑን ከንፈሬ ላይ ተክሎ ማንበብ ጀመረ፤
ምንም አልተጻፈበትም።