ጉድፍ የመሰለኝ

ከሌሊቱ ስምንት፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣
ጄኔሬተር ስሎ፣ ተንፍሶ፣ ተነሥቶ፣
እኔ ቆጠራ ላይ፣ ጐንደር ሆስፒታል ውስጥ፣
ደም በመስተዋት ላይ ቀጥኖ ሲለጠጥ።

ደሙ የመልሰው ነው። ደምቢያ ተወልዶ፣
ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ድረስ ወርዶ፣
ከግራሩ ጥላ ከተኛበት ሌሊት፣
ነክሳው የበረረች የአሸዋ ዝንብ አንዲት፣
ጣፊያውን አሳብጣ እንደ ጎተራ ቤት፣
ያለ የሌለውን ደሙን ከተተችበት።
አፍንጫው ከማታ ጀምሮ አላባራም፤
ወንድሙ ፎጣ ሲያጥብ፣ አይተኛም፣ አያወራም።
ዶክተር ትርንጎ መጥታ "ቁጥሩን፣ ቶሎ" አለችኝ፤
ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ዓይኔ ብቻ ቀረችኝ።

ተማሪ ሳለሁኝ፣ በመጀመሪያው ዓመት፣
ሐምራዊ ጠቃጠቆ ባየሁ በዚያ ዕለት፣
ጉድፍ መስሎኝ ሌንሱን፣ በአልኮል፣ በጥጥ፣ በጨርቅ፣
ብፈትግ፣ ብፈትግ፣ ፈቅ አይልም፣ አይለቅ።
መምህር አብዩ ሳቀ። "ተይው፣ ልጄ" አለና፣
"የምትጠርጊው እኮ አንቺን ነው፣ ቆም በይና።
ያ ጉድፍ ባይኖርሽ፣ ጥርስ በፋቅሽ ለታ፣
ፈሰሽ ታልቂ ነበር ሳይደርስልሽ ማታ።"

ፕላትሌት ነው ስሙ።
አስኳል የለው፣ ዘር የለው፤ የሌላ ፍርፋሪ፣
ከመቅኔ የተሸረፈ፣ ዐሥር ቀን ብቻ አዳሪ፣
በደም ጎዳና ላይ ሥራ ፈት መሳይ ዟሪ።
ሥር የተቀደደ ለት ግን፣ ግንበኛው እሱ ነው፤
ኖራም ድንጋይም ሆኖ ክፍተቱን የሚደፍነው።
የፋሲል ግንበኛ ኖራውን ለውሶ፣
ማታ ቤቱ ገባ ጠላውን ቀማምሶ፤
ይህ ግን ድንጋይም ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ፣
እዚያው ይቀራል እንጂ አይመለስ ተነሥቶ።

ይህን ብቻ ነበር ሃያ ዓመት የማውቀው፤
ለካስ ከግንቡ ሌላ በሩንም ነው የሚጠብቀው።
ባዕድ ተሕዋስ በሥሩ ሾልኮ ሲገባበት፣
ቀድሞ እጁን ይዘረጋል፤ ይለጠፋል ከአንገት፤
በሆዱ የቋጠረውን ቅመም ይበትናል፣
ነጩን የደም ሕዋስ በሽታው ይጠራል፤
እሪ ይላል ያለ አፍ፤ "ድረስ! በዚህ!" ይላል፤
የተጠራው ሁሉ ነቅሎ ይወጣል።

"የደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ነው ያተረፈው፣
ጠላት ደጁ ሲደርስ ነቅሎ ነው የነደፈው"
እያሉ ሲያወሩ እኔ እጠይቃለሁ፦
ንቡ ያን ቀን ካህኑን ለየው ወይ? እላለሁ።
እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ብግነት እንዲህ ነው፤ ቀፎ ሲነቀነቅ፣
ንቡ ባለቤቱን ከሌባው ለይቶ አያውቅ።
ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ ያማል ቤቱ፤
ሌባው ከወጣም ኋላ አይበርድም እሳቱ።
ስንቱን አይቻለሁ፣ ከደጅ ጠላት ተርፎ፣
የገዛ ዘበኛው የጣለው ደግፎ።
ሲያንስ ይፈስሳል ደሙ፤ ሲበዛም ይረጋል፤
በሁለቱ መካከል ሰው "ጤና አደርሁ" ይላል።

ልመለስ። ቆጠራ።
አንደኛው መስክ ባዶ።
ሁለተኛው ባዶ።
ሦስት፣ አራት... መብራቱ ደግሞ ሄዶ፣
መጣ።
አምስተኛው መስክ ላይ አንዲት ታየች ለዓይኔ፣
ነጩን ሕዋስ ተጠግታ።
"ድረስ" ነው? "አይዞህ" ነው? አልሰማም፣ ሩቅ ነኝ እኔ።

ዐሥራ ዘጠኝ ሺህ ብዬ ጻፍሁ። እጄ ከበደኝ።
ዶክተሯ ቆማ አነበበች፤ ቀና ብላ አላየችኝ፤
የደም ባንኩን ስልክ እየደወለች፣
ጫማዋ እያስተጋባ ኮሪደሩን ሮጠች።

እጅጌውን ሰብስቦ ወንድሙ ተነሣ፤
"ከእኔ ውሰጂለት" አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳይሳሳ፤
"ስንቱን ነው የሚሻው? ግማሹን? ሁሉን?"
አየሁት፤ የጭቃ ጫማውን፣ የቀላ ዓይኑን።
"ጉድፉን ብቻ ነው" ልለው አልሁና ተውሁት፤
ጥጥ በአልኮል ነክሬ
ክንዱን ጠረግሁት።