ትርፍ ቁልፍ

አይሱዙው የቱሉ ዲምቱን አደባባይ ሲዞር፣
ፍራሹን በክንዴ ደግፌው ነበር።
አንድ አልጋ፣ ሁለት ጀሪካን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣
እናቷ በግድ የጫነችባት ያረጀ ስጋጃ።
ኤፍራታ ጋቢና ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን፣
በጣቷ ታሳያለች የምንሄድበትን።
እኔ ከፍራሹ ጋር፣ ፊቴ ወደ ኋላ፣
የማየው መንገዱን ነው፣ ካለፍነው በኋላ።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ደረጃው ገና ሲሚንቶ ይሸታል፤
ከመስኮቷ ማዶ የጤፍ ማሳ ይታያል፣
ከማሳው ወዲያ ደግሞ አንድ ክሬን ቆሞ ያንቀላፋል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቧንቧ የገጠምኩ ነኝ፤
የሰው ቤት ሲያፈስ ነው እንጀራ የሚገኝልኝ።
ያን ቀን ግን የበሯን ቁልፍ ቀየርኩላት፤
ሦስት ነው ከነካርቶኑ፤ ሦስቱንም ሰጠኋት።
«ቁጠሪ» አልኳት። ቆጠረች። ሳቀችብኝ።

አራተኛው ኪሴ ውስጥ ነበር።
ቃሊቲ፣ ጃንጥላ ሥር ቁልፍ የሚቀርፅ ልጅ አለ፤
እሱ ጋ አስቀረፅኩት። ለምን ቢሉኝ፣ መልሱን አላውቀውም፤
አባት ኪሱ ባዶ ሲሆን እጁን የት እንደሚከት አያውቅም።

አስካለ በቀን አራቴ ትደውላለች።
«በላሽ? ለበስሽ? በሩን ዘጋሽ?»
ልጅቱ «እሺ እማዬ» ብላ ስትሰናበት
እኔን ታፈጥብኛለች፣ እኔ የዘጋሁባት ይመስል።
«ተያት» እላታለሁ።
ተያት የምለው ኪሴ ውስጥ ብረቱን እያሻሸሁ ነው።

ከእኔ ጋር ሥራ ለሚለምዱ ልጆች የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦
ብሎን ስታጠብቅ፣ እምቢ ካለህ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ።
ከዚያ ካለፍክ ጥርሱን ትበላዋለህ፤
ያጠበቅህ መስሎህ፣ የምታፈሰው አንተ ነህ።
ይህንን ለሰው ልጅ ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ የሰፈሯ የውኃ ፈረቃ ነው፤
ስልኬ ጮኸ። «አባዬ፣ ቱቦው ፈነዳ፣ ወለሉን ሞላው!»
አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከተትኩ። መፍቻዬን አነሣሁ። በሩ ጋ ደርሼ
ቆምኩ።
ከአቃቂ ኮዬ በዚህ ሌሊት ታክሲ የለም።
ቢኖርም። ቢኖርም እንኳ።

«ኤፊ፣ ስሚኝ። ከሽንት ቤቱ በር ጀርባ፣ በጉልበትሽ ከፍታ፣
ቀይ እጀታ አለ። አገኘሽው?» «መብራት የለም፣ ቆይ…» ዝምታ።
«አገኘሁት።» «ወደ ቀኝ።» «እምቢ አለኝ!» «በዝግታ፣
እንደ ግትር ሰው ያዢው፣ ትንሽ በይ፣ ደግሞ ትንሽ፣ በርታ።»

ከዚያ በስልኩ ውስጥ ሰማሁት፦
ፏፏቴ፣ ቀጥሎ ጅረት፣ ቀጥሎ ጠብታ፣
ቀጥሎ የሷ ትንፋሽ።
ስንት ቧንቧ የዘጋሁ ሰው፣ ውኃ ሲቆም
እንዲህ አድምጬው አላውቅም።

«አየህ? ዘጋሁት!» አለች።
«አየሁ» አልኳት። ምን አየሁ፣ ጨለማ ውስጥ
በአንድ እግር ጫማ የተገተርኩ ሽማግሌ።

ስልኩን አልዘጋችውም። ወለሉን እየወለወለች
ስለ አለቃዋ፣ ስለ ደመወዟ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለወለደችው ድመት
እስከ አሥር ሰዓት አወራችኝ፤
እዚህ አንድ ጣራ ሥር ሳለን
በሁለት ክረምት ያላወራችኝን።

እሑድ ሄድኩ። መፍቻ አልያዝኩም፤ ሙዝ ነው የያዝኩት።
ደረጃውን ስወጣ ቁልፉ ከሳንቲም ጋር ይንሾካሾካል።
አራተኛ ፎቅ። እጄ ኪሴ ገባ። ወጣ።
አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ብላኝ አታውቅም፤
በሩ የኔ ነበርና።
ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ምን ልበል?
አባትሽ? እንግዳ? ቧንቧ ሠሪው?
መልስ ሳላገኝ ኮቴዋ ቀረበ፣
ከውስጥ ቁልፉ ሲዞር ተሰማኝ፦
አንድ። ሁለት።

ሁለት ዙር ቆልፋ ነበር።
ጎበዝ።