ይርጋ

ከጫማ ሰፊው ቤት፣ ከደረጃው በላይ፣
ቢሯችን ነበረ፣ መስኮቱ ወንዝ የሚያይ።
እኔ ጸሐፊዋ፣ ኔሊዳ ጠበቃ፤
ሁለት ነው ወንበሩ፤ ሰው ሲመጣ ቆሜ እጽፋለሁ፣ ነገሩ እስኪያበቃ።
ክፍያችን ብርቱካን፣ ሲደላም አንድ ጣሳ ማር፤
ባለ ፔሶውማ የሚያውቀን በክስ ነበር።

ሕግን የምታነብ እንደ ጎረቤት አጥር፣
በጣቷ እየዳሰሰች፣ "የቱ ጋ ነው ሽንቁር፣
የቱ ጋ ነው ድሃ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ?"
እያለች ትዳብሳለች የእያንዳንዱን መስመር ጫፍ።

አንድ ዳኛ ነበር፣ ፊቱ የተዘጋ በር፤
"በቃሽ" ሲላት፣ "ክቡርነትዎ፣ ሁለት ነጥብ ቀረኝ" ትለው ነበር።
ሁለቱ ነጥብ ዘጠኝ ይሆናል፣ ሰዓቱ ይነጉዳል፤
ደክሞት ይፈርዳል።

ኋላ ምርጫ መጣ። ፎቶዋ ተለጥፎ
በሥጋ ቤቱ ግንብ፣ በመብራቱ ምሰሶ፣ ዝናብ ጉንጯን ገፎ፣
የሳልቶ ለቃሚ ከነመሰላሉ ወጥቶ መረጣት፤
ሞንቴቪዴዮ ወሰዳት።
ቁልፉን ለእኔ ሰጥታ ተሳፈረች፣ በሌሊቱ አውቶቡስ፤
"ቀዳዳ መፈለግ በቃኝ፤ አጥሩን ራሱን ሄጄ እስቲ ላድስ።"

ረቡዕ ረቡዕ ማታ በቴሌቪዥን አያታለሁ፣
እብነ በረድ መሐል፣ ጃኬቷ አዲስ ሆኖ። "ሁለት ነጥብ" ስትል ብቻዬን እስቃለሁ።

ሕግ ማውጣት ግን ገበያ ነው።
"ከመሰላል የወደቀ ለቃሚ ካሳ ያግኝ" ስትል፣
ባለ እርሻዎቹ ድምፃቸውን ሰጧት፣ በአንዲት ትንሽ ቃል፦
ይርጋ። ሠላሳ ቀን። ካለፈ የለም።
ይርጋ የሌለው ሕግ ደግሞ አላየሁም፤ አልወቅሳትም።
ጫማ ሰፊው ብቻ፣ ምስማር በከንፈሩ፣
"የቆጡን አወርድ ብላ..." ብሎ ተወው፤ ቀረ መዝጊያው ለነገሩ።

በሐምሌ ብርድ ኦዲሎን ሲልቬራ ከመሰላል ወድቆ፣
ዳሌው ሁለት ቦታ እንደ ሸንበቆ ደቅቆ፣
ሆስፒታል ተኝቶ ቀን መቁጠር ረስቶ፣
በሠላሳ አንደኛው መጣ፣ በልጁ ትከሻ ደረጃውን ወጥቶ።
አዲሱ ጠበቃ፣ ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ፣ አንቀጽ አሥራ አራትን አነበበለት።
ሽማግሌው ጠየቀ፦ "ይቺ ሕግ የማን ናት?"
የቀን ማህተሙን አየሁ እንጂ አልመለስኩም፤
ይርጋ ያለችው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ረጋ፣ እንደ ቀዘቀዘ ስብ፣ አልወርድ አለኝም።

ሦስት መስመር ጻፍኩላት፦ ስሙን፣ ዳሌውን፣ ቀኑን።

ቅዳሜ ንጋት ላይ መጣች፣ በዚያው አውቶቡስ፣ ፊቷ እንቅልፍ አጥቶ።
የጠበቃው ወንበር ባዶ ነው። እሷ ግን የባለጉዳዩን ሳበች።
"ሕጉን አምጪው" አለች።

አነበበች። መነጽሯን ገፋ አድርጋ ደገመች።
የራሷን ዓረፍተ ነገር፣ የራሷን ነጠላ ሰረዝ፣ ጣቷን እያስኬደች።
ከታች መዶሻው ይወርዳል፣ ይነሣል።
እንደ ድሮው ቆሜ እርሳስ ይዣለሁ፤ ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ይጠብቃል።

"ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት" አለች። ኩራት አልነበር።
ጣቷ ግን አልቆመም፣ እየዳሰሰ ነው፣ የቱ ጋ ነው ሽንቁር።